ያልደረሰ መርዶ

ውድ ካስዬ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልጀምር ስል እጄ ቆመ። ለሞተ ሰው እንዲህ ተብሎ ይጻፍ አይጻፍ እንጃ። ግን ሰላምታ ሳያስቀድሙ ወደ ጉዳይ መግባት አንተ ዘንድ ነውር ስለሆነ፣ ይኸው እንደምን ሰነበትክ። ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። የደጃፋችን ጭቃ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እኔም፣ ልጃችን ጽጌም፣ እናትህም አለን፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ቤቱን ብታየው አትስተውም። ያንን የሚያፈስ ቆርቆሮ፣ "ከአሰብ ስመለስ እመታዋለሁ" እያልክ ክረምት በክረምት ላይ ያሳለፍክበትን፣ ጎረቤታችን ጋሽ ሱልጣን ሰው አምጥተው አስመቱልኝ። እናትህ እማማ የሺ ለለቅሶህ ከጎጃም እንደመጡ አልተመለሱም። የኅብረት ሱቁን ሰልፍ የሚይዙት እሳቸው ናቸው። ለአሮጊት ቅድሚያ ይሰጥ የሚል ሰው ከተገኘ፣ ማን ናት አሮጊቷ ብለው ይቆጣሉ። ነፋሱ ከቆሼ፣ ከቆሻሻው ክምር በኩል ሲዞር አሁንም እየተሯሯጥን መስኮት እንዘጋለን። አንተ እንደዚያ ባለው ቀን የዓሣ ዘይቱን ጠርሙስ ከፍተህ ጠረጴዛው ላይ ታቆምና፣ ሽታን በሽታ ነው የሚያባርሩት ትለን ነበር።

የምጽፍልህ ስለዚያ ዘይት ሽታ ነው። ግን ከሥሩ ልጀምር።

ጽጌ እኩዮቿ ተረት ሲናገሩ እሷ "እማ" እንኳ ሳትል መቅረቷን ታስታውሳለህ። ስሟን ብንጠራት አትዞርም። የለስላሳ ቆርኪ በግድግዳው ሥር ስትደረድር ትውላለች፤ አንዷን ካነሳንባት ጩኸቷ እስከ አስፋልቱ ይሰማል። ሰፈሩ ደንቆሮ ናት አለ፤ ቀጥሎ ዓይን ነው አለ፤ ቀጥሎ ደግሞ እናቷ በእርግዝናዋ ምን አይታ ነው እያለ እኔን ማየት ጀመረ። ያ የውጭ አገር ሐኪም ከኋላዋ ቁልፍ አንኳኩቶ ጆሮዋ ደህና ነው አለን። አእምሮዋ በራሱ መንገድ ነው የሚሄደው፣ መድኃኒት የለውም፣ በደንብ መግቧት ብሎ ሸኘን። እኔ ከዚያ ሁሉ "መድኃኒት የለውም" የሚለውን ይዤ ወጣሁ። አንተ "በደንብ መግቧት" የሚለውን ይዘህ ወጣህ።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን መጋዘን ሆነ። ፋፋ በእንቁላል፣ ጉበት በቅቤ ለብ ተደርጎ፣ ተልባ በማር። ከአፋር የግመል ወተት በጄሪካን ጭነህ መጥተህ፣ አዋሽን ሳይሻገር ፈልቶ ክዳኑን አስፈንጥሮብህ፣ የመኪናህ ጋቢና ለወር ገማ። አሰብ ላይ አንድ የመርከብ ወጥ ቤት በእሱ አገር ለእንዲህ ያሉ ልጆች የእርሾ ክኒንና የዓሣ ዘይት እንደሚሰጣቸው ሲነግርህ፣ ክኒኑንም ዘይቱንም ይዘህ ከች አልክ። ስትሰጣት ዓይን ዓይኗን ታያለህ። ዛሬ አየችኝ ትለኛለህ። ማንኪያውን ነው ያየችው እልሃለሁ። ታኮርፋለህ። የሚበጃት ይሁን አይሁን ያኔም አላውቅም፣ ዛሬም አላውቅም። ግን አንተን እንደዚያ ወለሉ ላይ ተንበርክከህ ሳይህ እወድህ ነበር፤ በአፌ አልነገርኩህም እንጂ።

አንድ ነገር ግን ሠርቶልሃል። ከሰው እጅ የማትጎርሰው ልጅ ከአንተ እጅ ጎረሰች። ማንኪያውን በጠርሙሱ አንገት ቀጭ ቀጭ ታደርገዋለህ። አፏን ትከፍታለች። አንዷን ትሰጣትና፣ "አንድ ጉርሻ ያጣላል" ብለህ ሁለተኛዋን ትደግማለህ። ሁለተኛዋን ካልሰጠሃት አፏን እንደከፈተች ትቆያለች። እንዲህ ካጎረስካት በኋላ ነው፣ እስክትመለስ ድረስ ከእኔም እጅ ገንፎዋን የምትበላው።

ሌላም ነገር ነበር፤ አንተ የምትኮራበት እኔ የምፈራው። የምትመለስበትን ቀን ታውቃለች። አንተ አሰብ መንገድ ላይ ነህ፣ ስልክ የለ፣ መልእክት የለ። ሰዓት እላፊው የሚያበቃበት ማለዳ ላይ ትነሳና በሯን ከፍታ ደፉ ላይ ትቀመጣለች። እንዲያ የተቀመጠች ቀን ጓዳዬን ሰብስቤ ውሃ እጥዳለሁ፤ ፀሐይ ሳይሞቅ ከጦር ኃይሎች በኩል ከች ትላለህ። ያልተቀመጠች ቀን አትመጣም። አንድም ቀን ስታ አታውቅም።

ከዚያ ከአሰብ ስትመለስ፣ ከሚሌ ወዲህ መኪናህ ከነተሳቢው ተገለበጠ። ጓደኞችህ እንደነገሩኝ እንቅልፍ ሳይጥልህ አልቀረም፤ ፍሬን የያዝክበት ምልክት አስፋልቱ ላይ አልነበረም። አይዞሽ፣ ምንም ሳያውቅ ነው የሄደው እያሉ ያጽናኑኝ ነበር። እኔም ያኔ መልካም ነገር መስሎኝ ነበር።

መርዶው ለሁሉም ደረሰ። እኔን ሾፌሮቹ ሽማግሌ ይዘው፣ ሰዓት እላፊው እንዳበቃ በር አንኳኩተው አረዱኝ። እናትህን ለማርዳት ጎጃም ድረስ ሰው ሄደ። ለጽጌ ግን ማንም አልነገራትም። ድንኳን ሲጣል ጋሽ ሱልጣን ቤት ወሰዷት፣ ድንኳን ሲነሳ መለሷት። አንዲት ለቀስተኛ ምኑ ይገባታል ብላ ነበር፤ ሁላችንም ትክክል መሰለን።

ልጅቷ ምግብ እምቢ አለች። ገንፎውን ብል፣ ወተቱን ብል፣ ጥርሷን ገጥማ ፊቷን ታዞራለች። ማንኪያህን አንስቼ እንደ አንተ ቀጭ ቀጭ አደረግሁ፤ እጄን ገፋችው። ጉንጯ ጎደለ፤ እጇ ሳር አከለ። ሐኪም ቤት ወስጃት በአፍንጫዋ ጎማ አስገብተው መግበው መለሱልኝ፤ እቤት ስንደርስ ያው ነች። አንተን ቀብሬ እሷንም ልቀብር ነው ብዬ ነበር።

አንድ ማለዳ ስነቃ በሩ ክፍት ነው። ጽጌ ደፉ ላይ ተቀምጣለች።  እንዴት ብዬ ነው አይመጣም የምላት እያልኩ ጠጋ ስል አፏ ተከፈተ። ዋጠች። ትንሽ ቆየችና እንደገና ከፈተች፤ ዋጠች። በመንገዱ ላይ ማንም የለም። ያ ላላወቀው ሁሉ የሚጮኸው የሰፈሩ ውሻ አጥሩ ሥር ቆሞ ባዶውን መንገድ እያየ ጭራውን ይቆላል።

አነሳኋት። ትንፋሿ የዓሣ ዘይት ይሸታል።

ጠርሙሱ ትዝ አለኝ። ዘይቱ አንተ ለመጨረሻ ጊዜ ከመውጣትህ በፊት አልቆ፣ አዲስ ይዤ እመጣለሁ ስላልክ፣ አሮጌውን ጠርሙስ በአመድ አጥቤ ላምባ ሞልቼበት ነበር። ላምባ ጠጣች ብዬ ሮጥኩ። ጠርሙሱ ከምድጃው ሥር፣ አፉ በጨርቅ እንደተወተፈ፣ እንደሞላ ተቀምጧል። ማንኪያህ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉ አንገቴ ላይ። ከፍቼ አየሁት፤ ደረቅ ነው። ተመልሼ አፏን አሸተትኩ። ላምባ አይደለም። የዓሣ ዘይት ነው፤ ልብስህ ላይ የሚቀረው፣ ስስምህ ከንፈሬ ላይ የሚቀረው ያ ሽታ።

የዚያን ቀን ገንፎዋን ከእጄ በላች።

እንዲህ ሆነን ከረምን። ደፉ ላይ የተቀመጠች ቀን ዘይት ዘይት ትሸታለች፣ ትበላለች። ያልተቀመጠች ቀን ከጥቂት ወተት በቀር አትቀምስም። አንተ በሕይወት ሳለህ ትመጣ እንደነበረው፣ አንዳንዴ ሳምንት ቆይተህ፣ አንዳንዴ ፈጥነህ። ለማንም አልተናገርኩም። እውነቱን ስነግርህ ፈርቼ ብቻ አይደለም። ልጄ እየበላች ነው፤ ደግሞ እሷን ታቅፌ ስተኛ አንተን ያሸተትኩ ይመስለኛል። ማን ያስቀራል እንዲህ ያለውን?

ያስቆሙኝ እናትህ ናቸው። ለጸሎት ማልደው ሲነሱ ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር ከደጃፍ ሰምተው፣ ግድግዳውን ይዘው ቆመው አገኘኋቸው። ልጄ ነው፣ አንኳኳኩን አውቀዋለሁ አሉኝ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን እንባቸውን እንኳ ሳይጠርጉ እጄን ያዙና፣ "ሙት ያጎረሰው ሰው ውሎ አድሮ ይከተለዋል። እኔ ልጄን እወደዋለሁ፤ ግን ይህችን አልሰጠውም" አሉኝ። ጸበል ወሰዷት። ጸበሉንም አፏን ገጥማ መለሰችው።

እሳቸው ካሉኝ በኋላ ዓይኔ ተከፈተ መሰለኝ። እየበላች ትከሳ ነበር። ገንፎው የት እንደሚገባ አይታወቅም። ቆርኪዎቿን መደርደር ትታለች። ጠዋት ጠዋት ከደፉ አልፋ ትቀመጥ ጀመር፤ መጀመሪያ ደረጃው ላይ፣ ቀጥሎ አጥሩ በር ላይ፣ አንድ ቀን ደግሞ አስፋልቱ ጋ ስትደርስ የዳቦ ወረፋ የያዙ ሴቶች ይዘው መለሱልኝ። እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ነበር የምትሄደው አሉኝ፤ የሰው እጅ እንደያዘች።

ምን ላድርግ ብዬ ጨነቀኝ። አንተ ብትቀር እሷ በረሃብ ልትሞትብኝ ነው፤ ባትቀር ይዘሃት ልትሄድ ነው።

በዚያው ሰሞን ከታችኛው ግቢ ላለ ሰው መርዶ መጣ። ማለዳ ነው። ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው በመንገዳችን ሲያልፉ ጽጌ አጥሩ በር ላይ ነበረች። አስተውላ አየቻቸው፤ ሰው አይታ የማታውቅ ልጅ። ገቡ፤ ጥቂት ቆይቶ ጩኸቱ ተሰማ። ጽጌ ተነስታ ወደ ቤት ገባች። ሚስማር ላይ የተሰቀለው ጋቢህ ሥር ቆማ ጫፉን በጣቶቿ ያዘች፤ ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝ። ዓይኔን ነው ያየችው፣ ካስዬ። ማንኪያ አልያዝኩም ነበር።

ያኔ ነው የገባኝ። አስከሬንህን ያላየች፣ መርዶህን ያልተረዳች፣ ያላለቀሰች እሷ ብቻ ነች። አንተ መንገድ ሄደህ የምትመለስ አባቷ ነህ። ጠበቀችህ፤ የሚጠብቅህ ሰው ስላለ መጣህ።

የንስሐ አባታችንን፣ ጋሽ ሱልጣንን፣ እናትህን ለመንኩ። ለሕፃን፣ ያውም ለማትናገር ልጅ መርዶ ሲነገር ሰምተን አናውቅም አሉ። እኔም አልሰማሁም፤ ግን ለሰው ሁሉ የሚደረገው ይደረግላት አልኩ። በነጋታው ሰዓት እላፊው እንዳበቃ መጡ። ጽጌ ቀድማቸው አጥሩ በር ላይ ተቀምጣለች። የምትመጣበት ቀን ነበር።

ከፊቷ ቆሙ። ቄሱ እንደ ወጉ ይህ ዓለም ኃላፊ ነው ብለው ጀመሩና ቃሉ ጠፋባቸው። ስለዚህ እኔ ፊቷ ተንበረከክሁ። "ጽጌዬ፣ አባትሽ ሞቷል። ስላልነገርንሽ ነው እንጂ ሞቷል። ከእንግዲህ አይመጣም" አልኳት።

እኔን አላየችም። በትከሻዬ ላይ አሻግራ መንገዱን ነበር የምታየው። ሁላችንም ዞርን። ማንም የለም። ውሻው ጭራውን እየቆላ ነው። መጀመሪያ ጋሽ ሱልጣን ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው አንድ እርምጃ ወደ ጎን አሉ። ቀጥሎ ቄሱ። ቀጥሎ እናትህ፤ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው። አሳልፉ ያለ ሰው የለም፤ በኋላም ለምን እንዲያ እንዳደረጉ ስጠይቃቸው አንዳቸውም አያውቁትም። ሽታህ በመሀላቸው አልፎ፣ በእኔ በኩል አልፎ፣ ልጃችን ጋ ቆመ።

ቀጭ ቀጭ።

አፏን ከፈተች። ዋጠች። "አንድ ጉርሻ ያጣላል" ስትል በጆሮዬ የሰማሁ መስሎኛል። ሁላችንም ሁለተኛዋን ጠበቅን። ጽጌ ግን ከንፈሯን ገጠመች። አገጯ እየተንቀጠቀጠ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ጥርሷን ነክሳ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። ከዚያ ጮኸች። የቆርኪ ጩኸቷን አይደለም፤ የለቅሶ ጩኸት። እናትህ ደረታቸውን እየመቱ ተከተሏት፣ እኔም ተከተልኩ። ጎረቤት ማን ሞተ እያለ ወጣ። ካሣሁን ሞተ አልናቸው።

ከዚያ ወዲያ ደፉ ላይ ተቀምጣ አታውቅም። በሁለት ቀኑ ሳጥኑ ጋ ቆማ ጮኸችብኝና ከፈትኩላት። ማንኪያህን አውጥታ ተልባ ሳማታ የነበርኩበት ጣሳ ላይ ቀጭ ቀጭ አደረገች፤ ወደ እኔ አፍ አመጣችው። አንዷን ተቀበልኩ። ሁለተኛዋንም ደገመችልኝ። ከዚያ ለራሷ አለች። አሁን የምትበላው እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ እኔን አጉርሳ። አትናገርም፤ ትናገራለች ብሎ የሚጠብቅም የለም። ጉንጯ ግን ሞልቷል። ቆርኪዎቿም ተመልሰዋል።

ደብዳቤው እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግን ዛሬ ጠዋት ስነቃ በሩ ክፍት ነበር። ጽጌ ከአጠገቤ እንደተኛች ነች፤ አፏን አሸተትኩ፣ ምንም አይሸትም። ዘይት ዘይት የሚለው የእኔ ምላስ ነው።

ቀኑን ሙሉ ሳስብ ዋልኩ። እንቅልፍ ጥሎት፣ ምንም ሳያውቅ ሄደ ነበር ያሉኝ። ለእኔ ነገሩኝ፣ ለእናትህ ነገሩ፣ ዘግይተን ለጽጌም ነገርናት። ለአንተ የነገረህ የለም። እስከ ዛሬ መኪናህን አቁመህ፣ ሰዓት እላፊው እስኪያበቃ ጠብቀህ፣ ዘይትህን ይዘህ ወደ ቤትህ የምትመጣ ይመስልሃል። ልጅህ ፊቷን ስታዞርብህ ምን በደልኳት ብለህ አዝነህ ይሆናል። ወደ እኔ የመጣኸው ልትጠይቀኝ ነው መሰለኝ።

ነገ ማለዳ ደጃፉ ላይ ቆሜ ይህን አነብልሃለሁ። መርዶ በማለዳ ነው፤ ብቻውን ለሆነ ሰውም አይነገርም፤ እናትህም ጋሽ ሱልጣንም ይኖራሉ። ጽጌም ማንኪያውን ይዛ ትቆማለች። እኔ ስሆን ቃሉ አይጠፋብኝም።

ካስዬ፣ ሞተሃል። ከሚሌ ወዲህ ነው፤ አልተሠቃየህም። በወጉ አልቅሰንልሃል፣ ጓደኞችህ ክላክስ እያሰሙ ቀብረውሃል። ልጅህ በልታለች፤ እያንኳኳ የሚያጎርስ እጅ ከአንተ ወርሳለች። ተዝካርህ በየዓመቱ ይወጣል። ነፋስ ከቆሼ በዞረ ቁጥር፣ ተልባ ባማታሁ ቁጥር፣ ስምህ በዚህ ቤት ይነሳል። አልረሳህም፤ ጽጌም እንድትረሳህ አልተዋትም።

አንዷን ማንኪያ ሳላውቅ በእንቅልፌ ተቀብዬሃለሁ። ሁለተኛዋን ይዘህ ብትመጣ ግን አፌን እገጥማለሁ። ጠልቼህ አይደለም፤ ልጅ አለችኝ።

ባለቤትህ፣ የጽጌ እናት